ውሃው የት ይተኛ? የክልል የጎርፍ ስጋት መቀነሻ ዕቅድ አዘገጃጀት

ጎርፍን ጨርሶ አስቀራለሁ ብሎ የሚያቅድ መንግሥት ከመጀመሪያው ተሳስቷል። ወንዝ በየጊዜው ከዳርቻው ይወጣል፤ የወጣው ውሃም የሆነ ቦታ መተኛቱ አይቀርም። ዕቅድ የሚባለው ያንን ቦታ አስቀድሞ የሚመርጥ፣ እዚያ ያሉትን ሰዎች የሚያስነሳ ወይም የሚክስ፣ ይህን የሚፈጽመውን መሥሪያ ቤትና በጀት በስም የሚያስቀምጥ ሰነድ ነው። «ዳይክ ይሠራል፣ ወንዝ ይጠረጋል፣ ግንዛቤ ይፈጠራል» የሚል ሠንጠረዥ ይህን ውሳኔ መሸሻ ነው (ዳይክ ማለት ውሃ እንዳይወጣ በወንዝ ዳር የሚቆም የአፈር ግንብ ነው)። ውሳኔው ከተሸሸ ቦታውን ውሃው ራሱ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም አብዛኛውን ጊዜ ዳይኩ የሳሳበትን፣ ድሃው የሰፈረበትን ረባዳ መሬት ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በክልል ደረጃ ለሚሠራ የዕቅድ ቡድን ነው። ለአንድ ሰፈር ቦይ ወይም ለአንድ መንገድ ቱቦ የሚሆን አይደለም።

ወሰኑ ከተፋሰሱ ይነሳ

የመጀመሪያው ካርታ የተፋሰሱ ካርታ ነው። ከዲጂታል የከፍታ መረጃ ውሃ ከፋዩን ሸንተረር ያውጡ፣ ተፋሰሱን በገባር ወንዞች ይከፋፍሉ፣ ከዚያ የአስተዳደር ወሰኖችን ይደርቡበት። ብዙ ጊዜ የሚታየው ዝናቡ በአንዱ አስተዳደር ሲዘንብ፣ ግድቡ በሌላው ሲሆን፣ የሚጥለቀለቀው ደግሞ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ከቴክኒክ ሥራው በፊት የሚፈረም ስምምነት ያስፈልጋል። ስምምነቱ ረጅም መሆን የለበትም፤ ሦስት ነገር በግልጽ ከያዘ ይበቃል። አንደኛ፣ የዝናብና የወንዝ ልክ መረጃ በደብዳቤ ሳይጠየቅ በቀጥታ ይተላለፋል። ሁለተኛ፣ የግድብ በር ሲከፈት ከስንት ሰዓት በፊት ለማን እንደሚነገር ይጻፋል። ሦስተኛ፣ ማንም ወገን ዳይክ ከማቆሙ ወይም ከፍ ከማድረጉ በፊት ስሌቱን ማዶ ላለውና ከታች ላለው ያሳያል።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በግራ ዳርቻ ዳይክ ሲነሳ ውሃው ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ወይም ከፍ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ቀኙም በተራው የራሱን ያነሳል። ሁለቱም ገንዘብ ያወጣሉ፤ ስጋቱ ግን ባለበት አለ፣ ውሃው ብቻ ከፍ ብሏል።

በቡድኑ ውስጥ የውሃ መሐንዲስ፣ የመሬት አስተዳደር፣ የግብርና፣ የመንገድ፣ የጤናና የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ባለሙያ ይኖራል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው የፋይናንስ ሰው ነው። የገንዘብ ሰው በመጨረሻው ስብሰባ ከተጠራ የሚመጣው ለመቁረጥ ነው፤ የሚቆረጠውም ሁልጊዜ ጥገናና የመሬት ካሳ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል ብዙ መፈላሰፍ አይፈልግም። የአውሮፓ ኅብረት በ2007 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው የጎርፍ መመሪያ ሦስት ደረጃ አለው፦ ቅድመ ግምገማ፣ የጎርፍና የስጋት ካርታ፣ ከዚያ የሥራ ዕቅድ። ሁሉም በየ6 ዓመቱ ይከለሳል። ሕጉ በእናንተ ላይ ባይሠራም ቅደም ተከተሉን መዋስ ያዋጣል። ካርታው ሳይወጣ ፕሮጀክት መዘርዘር የጀመረ ቡድን፣ ኋላ ላይ ካርታውን ለፕሮጀክቶቹ እንዲመች አድርጎ ሲሠራው ይገኛል።

መረጃው፦ ግድግዳ ላይ የቀረ ጭቃ

መጀመሪያ የሚሰበሰበው የዝናብና የወንዝ ፍሰት መዝገብ ነው፤ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ። መዝገቡን ግን አይመኑት፤ ይፈትሹት። መለኪያ ጣቢያ የሚመዘግበው የውሃውን ከፍታ እንጂ ፍሰቱን አይደለም። ከፍታው ወደ ፍሰት የሚለወጠው በመስክ ልኬት በተሠራ መስመር ነው፤ ልኬቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተወሰደው ወንዙ ጸጥ ባለበት ወቅት ነው። ትልቁ ጎርፍ ሲመጣ መስመሩ በግምት ይረዝማል፣ ወይም ጣቢያው ራሱ ተጠርጎ ይሄዳል። በመዝገቡ ውስጥ ከፍተኛ የተባሉትን አሥር ቀናት ይዘው ጣቢያው ያኔ መሥራት አለመሥራቱን፣ ቁጥሩ የተለካ ይሁን የተገመተ አንድ በአንድ ያጣሩ። በጎርፍ ወቅት ባዶ የሆነ ቀን በዜሮ ተሞልቶ ከተገኘ አጠቃላይ ስሌቱ ዝቅ ይላል፤ ይህ ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ስህተት ነው።

መዝገቡ የጎደለውን የጎርፍ ምልክት ይሞላል። ቀያሽ ይዞ መውጣትና በድልድይ ምሰሶ፣ በትምህርት ቤት ግድግዳ፣ በዛፍ ግንድ ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር በሌቭል (በከፍታ መለኪያ መሣሪያ) መለካት ነው። ነዋሪውን «ምን ያህል ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስገኝም፤ ሰው ጎርፍን ሲያስታውስ ከፍ አድርጎ ነው። ይልቅ የት እንደቆመ፣ ውሃው የየትኛውን በር ወይም መስኮት ልክ እንደነካ፣ ከየት በኩል እንደመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ ይጠይቁ። ሁለት ሰው ለየብቻ አንድ ቦታ ካሳየ ምልክቱ ጠንካራ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ካለ «ያልተረጋገጠ» ተብሎ ይያዝ።

የከፍታ መረጃ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። በነጻ የሚገኘው የሳተላይት የከፍታ መረጃ የተፋሰስ ወሰን ለማውጣት ይበቃል፤ ስህተቱ ግን በሜትር የሚቆጠር ነው። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ አንድ ሜትር ስህተት ማለት አንድ ሙሉ ከተማ ደረቅ ወይም የተጥለቀለቀ ሆኖ መታየት ነው። ለጎርፍ ሜዳው ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ትክክለኛነት ያለው የአየር ላይ የሌዘር ቅኝት ወይም የመስክ ቅየሳ ያስፈልጋል። ድልድይና ካልቨርት (ከመንገድ ሥር የሚያልፍ የውሃ መተላለፊያ) ሁሉ አንድ በአንድ ይለካ፦ ስፋቱ፣ ቁመቱ፣ የወለሉ ከፍታ፣ ምን ያህሉ በደለል እንደተሞላ። ከድልድዩ የግንባታ ሥዕል ላይ መገልበጥ አይበቃም፤ ሦስት ሜትር ቁመት ያለው ቀዳዳ ግማሹ በደለል ተይዞ ይገኛልና።

ስሌቱና ካርታው

«የ100 ዓመት ጎርፍ» የሚለውን ቃል ለሕዝብ በሚወጣ ሰነድ ላይ አይጠቀሙ። ሰሚው በ100 ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል፤ አምና መጥቶ ከነበረ ደግሞ ለቀጣዩ 99 ዓመት የተገላገለ ይመስለዋል። ትርጉሙ በየዓመቱ 1 ከመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። በዚያ መስመር ላይ ያለ ቤት በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመጥለቅለቅ ዕድሉ 26 ከመቶ ነው፤ በ50 ዓመት 39 ከመቶ ይደርሳል። ለፖለቲካ ኃላፊ ሲያስረዱ ይህችን ቁጥር ይዞ መግባት ከብዙ ሥዕል ይሻላል።

ቢያንስ አራት ሁኔታዎችን ያስሉ፦ በየዓመቱ 10 ከመቶ፣ 2 ከመቶ፣ 1 ከመቶ እና 0.2 ከመቶ ዕድል ያላቸውን። የ25 ዓመት መዝገብ ይዞ የ0.2 ከመቶውን ከአንድ ጣቢያ ብቻ ማውጣት ግን ቁጥር መፍጠር ነው፤ ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸውን የአጎራባች ጣቢያዎች መዝገብ አንድ ላይ አድርገው ይሥሩ። ሞዴሉ፣ ማለትም ውሃው የት እንደሚደርስ የሚያሰላው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ በአንድ የታወቀ ጎርፍ ይስተካከል፣ በሌላ ይፈተን። ውጤቱ ከጎርፍ ምልክቶቹ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ የሻካራነት ቁጥሩን (መሬቱ ውሃውን ምን ያህል እንደሚገታ ለሞዴሉ የሚነግረውን ቁጥር) እያሻሹ ከማስታረቅ በፊት ምክንያቱን ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ያልተለካ ድልድይ ወይም የተዘነጋ የመንገድ ሙሌት ይገኛል። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 ከመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል፤ ስለዚህ ሁሉንም ሁኔታ በ20 ከመቶ በጨመረ ፍሰትም ያስሩጡ። ዓላማው ትንቢት መናገር አይደለም፤ ጥቂት ፍሰት ሲጨመር ጉዳቱ በድንገት የሚዘልበትን ቦታ ማግኘት ነው።

ካርታው ጥልቀትን ብቻ ካሳየ ግማሽ ካርታ ነው። ፍጥነት፣ ውሃው የሚደርስበት ሰዓትና የሚተኛበት ቀን ብዛት ይጨመር። ትንሽ መኪና በ30 ሳንቲ ሜትር ውሃ መንሳፈፍ ትጀምራለች፤ አብዛኛው መኪና በ60 ይወሰዳል። ስለዚህ 40 ሳንቲ ሜትር ውሃ የሚያቋርጠውን መንገድ የመውጫ መንገድ ብሎ ካርታ ላይ ማስመር ሰው ወደ ሞት መምራት ነው። በላዩ ሆስፒታሎችን፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያዎችን፣ የውሃ ፓምፖችን፣ የነዳጅ ማደያዎችን ይደርቡ። ሆስፒታሉ ደረቅ ሆኖ መብራቱን የሚሰጠው ጣቢያ ውሃ ውስጥ ከሆነ ሆስፒታሉም ተጥለቅልቋል።

ጉዳቱን በዓመት መቁጠር

ቀጥሎ እያንዳንዱ ሁኔታ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ይገመታል፤ ቤት፣ ሰብል፣ መንገድ፣ የቆመ ሥራ ሁሉ በጥልቀቱ ልክ። ከዚያ ጉዳቱ ከዕድሉ ጋር ተባዝቶ ወደ አማካይ ዓመታዊ ጉዳት ይለወጣል። አንድ ምሳሌ በእጅ እንሥራ። በየዓመቱ 20 ከመቶ ዕድል ያለው ጎርፍ ምንም አይጎዳም እንበል። የ10 ከመቶው 20 ሚሊዮን፣ የ2 ከመቶው 100 ሚሊዮን፣ የ1 ከመቶው 180 ሚሊዮን፣ የ0.2 ከመቶው 400 ሚሊዮን ይጎዳል። በእያንዳንዱ ክፍተት ላይ የሁለቱን ጫፍ ጉዳት አማካይ ወስደን በዕድሉ ልዩነት እናባዛ፦

ከ20 እስከ 10 ከመቶ፦ 10 ሲባዛ በ0.1፣ 1.0 ሚሊዮን።
ከ10 እስከ 2 ከመቶ፦ 60 ሲባዛ በ0.08፣ 4.8 ሚሊዮን።
ከ2 እስከ 1 ከመቶ፦ 140 ሲባዛ በ0.01፣ 1.4 ሚሊዮን።
ከ1 እስከ 0.2 ከመቶ፦ 290 ሲባዛ በ0.008፣ 2.3 ሚሊዮን።
ከዚያ በላይ፦ 400 ሲባዛ በ0.002፣ 0.8 ሚሊዮን።

ድምሩ በዓመት 10.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ግማሽ የሚጠጋው የመጣው ከመካከለኛው ጎርፍ ነው፤ ስሙ በዜና ከማይነሳው፣ በየአሥር በየሃያ ዓመቱ ከሚመላለሰው። እስከ 2 ከመቶው ጎርፍ የሚያስቀር ሥራ በዓመት 5.8 ሚሊዮን ያድናል። በ5 ከመቶ የቅናሽ መጠን (የወደፊት ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋው ሲመለስ በየዓመቱ የሚቀነስበት ልክ) ለ50 ዓመት ሲሰላ፣ በ18.3 ተባዝቶ፣ 106 ሚሊዮን ያህል ይሆናል። የግንባታው፣ የመሬቱና የ50 ዓመት ጥገናው ወጪ ተደምሮ ከዚህ ከበለጠ በገንዘብ ብቻ አያዋጣም።

«በገንዘብ ብቻ» ያልነው በምክንያት ነው። በዚህ ስሌት የባለጠጋ ሰፈር ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ውድ ቤት ሲጎዳ ጉዳቱ ትልቅ ነውና። ስለዚህ ከጎኑ ሁለተኛ ዓምድ ይኑር፦ ለሕይወት የሚያሰጋ ጥልቀትና ፍጥነት ውስጥ ያሉ ሰዎች ብዛት፣ ከዓመት ገቢያቸው ምን ያህሉ በአንድ ጎርፍ እንደሚጠፋ። ሁለቱን ዓምዶች በአንድ ነጥብ አይጨፍልቁ፤ ውሳኔ ሰጪው ለየብቻ ይያቸውና የመረጠበትን በፊርማው ያስቀምጥ።

ለውሃው ቦታ መስጠት

እዚህ ላይ ዕቅዱ ይለያል። የወንዙ መስመር 300 ሜትር ኪዩብ በሰከንድ ያሳልፋል፣ የሚመጣው ጎርፍ ግን ጫፉ 400 ይደርሳል፣ ከ300 በላይ የሚቆየውም 10 ሰዓት ነው እንበል። ትርፉን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ብንገምተው፣ 100 ሲባዛ በ36,000 ሰከንድ፣ ለሁለት ሲካፈል፣ 1.8 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው። በአማካይ 2 ሜትር ጥልቀት ቢተኛ 90 ሄክታር መሬት ይፈልጋል። ጥያቄው ይህን ያህል አጭር ነው፦ 90 ሄክታሩ የማን ነው? መልስ ከሌለ ቀሪው የዕቅዱ ገጽ ሁሉ ጌጥ ነው።

የማጠራቀሚያው መግቢያ ከፍታ በጥንቃቄ ይመረጥ። ዝቅ ካለ ውሃው ቀድሞ ገብቶ ይሞላውና ዋናው ጫፍ ሲደርስ ቦታ የለም፤ የተገነባው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከፍ ካለ ዳይኩ ቀድሞ ይፈርሳል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ የአንዱን ገባር ጎርፍ ጥቂት ሰዓት ማዘግየት ጫፉን ከዋናው ወንዝ ጫፍ ጋር ሊያገናኘው ይችላል። ቀድሞ ተለያይተው ያልፉ የነበሩት አሁን አብረው ይደርሳሉ። ማጠራቀሚያ ሁሉ በሙሉ ተፋሰሱ ሞዴል ሳይፈተን አይጽደቅ።

ኔዘርላንድስ ለዘመናት ዳይክ ከፍ ስታደርግ የኖረች አገር ናት። በ1995 ወንዞቿ ሞልተው 250,000 ያህል ሰው ከቤቱ ከወጣ በኋላ መንገዷን ለወጠች። ለወንዙ ቦታ በሚሰጠው መርሐ ግብር ከ30 በላይ ቦታዎች ላይ ዳይክ ወደ ኋላ ተስቦ፣ ጎርፍ ሜዳ ተቆፍሮ፣ ጎን ለጎን ቦይ ተከፍቶ፣ የራይን ወንዝ ወደ አገሪቱ በሚገባበት በሎቢት በኩል በደህና የሚያልፈው ፍሰት ከ15,000 ወደ 16,000 ሜትር ኪዩብ በሰከንድ እንዲያድግ ተደረገ። ወጪው 2.3 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። በኔይሜገን ከተማ ዳይኩ 350 ሜትር ወደ ኋላ ሲሳብ ቤቶች ተነስተዋል፤ ያለ ካሳና ያለ ረጅም ድርድር የሚሆን ነገር አይደለም።

የአሜሪካው የሚሲሲፒ ወንዝ ታሪክም ይኸው ነው። እስከ 1927 ድረስ መመሪያው «ዳይክ ብቻ» ነበር። በዚያ ዓመት ዳይኮቹ በብዙ ቦታ ተደርምሰው 70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ተጥለቀለቀ። የ1928ቱ ሕግ ትርፍ ውሃ የሚለቀቅባቸውን ሜዳዎች አስገባ። በግንቦት ወር 2011 በርድስ ፖይንት በሚባለው ቦታ ዳይኩ ሆን ተብሎ በፈንጂ ተከፍቶ 530 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የእርሻ መሬት ውሃ ሲገባበት፣ ከላይ ያለችው የአሜሪካዋ ካይሮ ከተማ (የግብጿ አይደለችም) ተረፈች። የእርሻ መሬቱ ያለበት የሚዙሪ ግዛት ይህን ለማስቆም ፍርድ ቤት ሄዶ ተረትቷል፤ ውሃ የማስተኛት መብቱ ቀድሞ በገንዘብ የተገዛ ነበርና። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ስለ ፈንጂው አይደለም። መብቱ በወረቀት ሳይያዝ የጎርፉ ሌሊት ላይ ገበሬን «መሬትህን ላጥለቅልቅ» ብሎ መለመን አይቻልም። በዕቅዱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሄክታር ወይ ግዢ፣ ወይ የአንድ ጊዜ ክፍያ ከቋሚ ውል ጋር፣ ወይ በየጎርፉ የሚከፈል የሰብል ካሳ ይመረጥ፤ ቤት መሥራት መከልከሉም በይዞታ ማረጋገጫው ላይ ይጻፍ።

ስለ ላይኛው ተፋሰስ አንድ ነገር እንበል፤ ዛፍ መትከልና እርከን ሁሉን ይፈታል ተብሎ ስለሚጻፍ። በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ አፈሩ ተጨማሪ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ እንዲይዝ ማድረግ 1 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ማስቀረት ነው፤ ትልቅ ነገር ነው። ዝናቡ 30 ሚሊ ሜትር ሲሆን አንድ ሦስተኛውን ወሰደ ማለት ነው። ዝናቡ 150 ሲሆንና አፈሩ ቀድሞ ሲረካ ግን ድርሻው ይቀንሳል። ለደለልም፣ ለመካከለኛ ጎርፍም ይሠራል፤ ለትልቁ ጎርፍ ዋስትና ብሎ መጻፍ ግን ማታለል ነው።

ወንዝ መጥረግም እንዲሁ ነው። ኤክስካቫተር ለካሜራ ያምራል። ከመቅጠር በፊት ወንዙ በአንድ ክረምት የሚያመጣውን ደለል ከሚወጣው መጠን ጋር ያወዳድሩ፤ የሚመጣው ከበለጠ ገንዘቡ ከአንድ ወቅት አያልፍም። ድልድይ ሥር ላይ ግን በየዓመቱ መጥረግ ያዋጣል።

ዳይክ የግድ ሲሆን

ከተማ ካለ ዳይክ አይቀርም። የላዩ ስፋት የጥገና መኪና የሚያስኬድ ከ3 እስከ 4 ሜትር፣ ጎኑ ለአንድ ሜትር ቁመት ሦስት ሜትር አግድም የሚወጣ፣ ከንድፉ ውሃ ልክ በላይ ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ትርፍ ቁመት ያለው ይሁን። የላይኛው ለም አፈርና ሥር ሁሉ ከመሠረቱ ይነሳ፤ አፈሩ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ንጣፍ እየተነጠፈ፣ እርጥበቱ እየተለካ፣ በላቦራቶሪው መደበኛ ጥግግት 95 ከመቶ እስኪደርስ ይጠቅጠቅ። ተቋራጭ የሚያጭበረብረው እዚህ ላይ ነው፤ ወፍራም ንጣፍ ደፍቶ ከላይ ብቻ ይረግጣል። የጥግግት ምርመራው ሳይፈረም ቀጣዩ ንጣፍ አይደፋ። የሙሌት አፈሩም ከዳይኩ ግርጌ ሥር ተቆፍሮ አይወሰድ፤ ጉድጓዱ ለውሃ መስረጊያ መንገድ ይሆናል።

ዳይክ የሚፈርሰው ውሃ ሲያልፈው ብቻ አይደለም። በ2005 በኒው ኦርሊንስ የ17ኛው ጎዳና ቦይ ግድግዳ የወደቀው ውሃው ጫፉ ላይ ሳይደርስ ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ከድቶት። በነሐሴ 2008 የኮሲ ወንዝ ዳይክ በኔፓል ኩሳሃ ላይ የተሰበረው ከተነደፈበት ፍሰት አንድ አምስተኛ እንኳ ሳይደርስ ነበር፤ በሕንድ ቢሃር በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ተጎዳ። የጥገና ጉድለት ማለት ይህ ነው። በጎርፍ ጊዜ ከዳይኩ ጀርባ፣ በደረቁ ጎን ግርጌ፣ ውሃ እየፈላ ከወጣ ቀለሙን ይዩ። ጥርት ያለ ከሆነ ይከታተሉት። ከደፈረሰ አፈር እየወሰደ ነው፤ ዙሪያውን በአሸዋ ከረጢት ክብ ሠርተው ውሃው ከውስጥ ከፍ እንዲልና ጥርት እስኪል ድረስ ያሳድጉት። ቀዳዳውን ራሱን አይድፈኑት፤ የተደፈነ ውሃ ሌላ ቦታ ይፈነቅላል።

በዳይኩ ላይ አንድ ክፍል ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ፣ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት ተለብጦ ይሠራ። ከንድፉ የበለጠ ጎርፍ ሲመጣ ውሃው በዚያ ይለፍ፣ ሳይሰብር። የት እንደሚሆን መወሰን ያው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ከዳይኩ ጀርባ የሚዘንበው ዝናብም መውጫ ይፈልጋል። ወደ ወንዙ ብቻ የሚከፈተው የቱቦ በር በደለል ወይም በእንጨት ተይዞ ከቀረ ጎርፉ በጓሮ ይገባል፤ ከክረምት በፊት እያንዳንዱ በር በእጅ ተከፍቶ ይዘጋ። ፓምፑና ጄኔሬተሩ ከጎርፉ ልክ በላይ ባለ መድረክ ላይ ይቀመጡ።

ዳይክ ካለቀ በኋላ የሚመጣው አደጋ ግንባታ ነው። ሰው ደረቅ መሬት ያያል፣ ቤት ይሠራል፤ ዳይኩ የተሰበረ ቀን ጉዳቱ ዳይክ ባይኖር ከሚሆነው ይበልጣል። ስለዚህ የግንባታ ፈቃድ ደንቡ ከዳይኩ ጋር በአንድ ቀን ይጽደቅ፦ ፈጣን ውሃ የሚያልፍበት መስመር ላይ ምንም አይሠራ፤ ከዚያ ውጭ ባለው ጠርዝ ላይ ወለሉ ከ1 ከመቶው ጎርፍ በላይ ይነሳ፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ግን ከ0.2 ከመቶው በላይ።

ግድብ ያለበት ተፋሰስ

ኃይል የሚያመነጨው መሥሪያ ቤት ሐይቁ እንዲሞላ ይፈልጋል፤ ጎርፍ የሚከላከለው ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ይህ ጠብ በስልክ አይፈታም። ለየወሩ ምን ያህል ቦታ ባዶ እንደሚቀመጥ የሚያሳይ መስመር ተሰልቶ በሁለቱም ይፈረም፤ ለቀረው ኃይል ማካካሻ ካለም እዚያው ይጻፍ። እያንዳንዱ ግድብ ቢፈርስ የሚያጥለቀልቀው ካርታም ይሠራ። በመስከረም 2023 በሊቢያ ደርና ከተማ በላይ ያሉት ሁለት ግድቦች በሌሊት ተደርምሰው በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞቷል፤ ግድብ ከታች ያለውን ሰው የሚያዘናጋበት መንገድ ከዚህ የከፋ የለም።

የማስጠንቀቂያው ሰዓት

ከላይኛው መለኪያ ጣቢያ እስከ ከተማው ውሃው 6 ሰዓት ይፈጅበታል እንበል። መረጃው እስኪደርስ 15 ደቂቃ፣ እስኪጣራ 45 ደቂቃ፣ ኮሚቴ ተሰብስቦ እስኪወስን አንድ ሰዓት ተኩል፣ መልእክቱ ቤት ለቤት እስኪዳረስ አንድ ሰዓት ይሄዳል። የቀረው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አዛውንቱንና ሕመምተኛውን ጨምሮ ሰፈሩን ለማውጣት ሦስት ሰዓት ተኩል ቢፈልግ ሥርዓቱ በወረቀት ላይ አለ፣ ሰው ግን ይሞታል። አዲስ ራዳር ከመግዛት በፊት ኮሚቴውን ያስወጡት፦ «ወንዙ በዚህ ጣቢያ ይህን ሜትር ካለፈ ተረኛው መሐንዲስ ያለማንም ፈቃድ ሳይረን ያስነፋል» ተብሎ ይጻፍ። የቀረው ጊዜ ወደ አራት ሰዓት ያድጋል። ተረኛው በሐሰት ማስጠንቀቂያ እንደማይጠየቅም በሕግ ይረጋገጥለት፤ ያለዚያ እጁ ይንቀጠቀጣል።

በሐምሌ 2021 በጀርመን አር ሸለቆ ከ130 በላይ ሰው ሲሞት ትንበያው ቀድሞ ነበር። የመውጫ ትእዛዙ የተላለፈው ግን ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም ከወንዙ በግራና በቀኝ 50 ሜትር ውስጥ ላሉት ብቻ፤ ውሃው ግን ከዚያ አልፎ ገብቷል። የትእዛዙ ወሰን ከካርታው ይወሰድ፤ በሌሊት ከጭንቅላት አይገመት። ሳይረን፣ የስልክ መልእክት፣ ሬዲዮና በእግር የሚሄድ ሰው አራቱም ይኑሩ፤ ማማው መብራት ሲያጣ ስልኩ ዝም ይላልና።

ገንዘቡ፣ ጥገናውና ክለሳው

ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ምን፣ የት፣ የትኛው መሥሪያ ቤት፣ በየትኛው የበጀት መደብ፣ መቼ ይጀመራል፣ ካልተሠራ ማን ያስረዳል። የጥገናው ገንዘብ ከግንባታው ጋር አብሮ ካልጸደቀ ግንባታውን አያጽድቁ። ዳይክ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ይታያል፦ የአውሬ ጉድጓድ፣ የበቀለ ዛፍ፣ የእግር መንገድ ያሰመጠው ጫፍ፣ ያለ ፈቃድ የተቀበረ ቱቦ። ያየው ሰው ስም፣ ቀንና የኪሎ ሜትር ምልክት ይመዘገባል፤ የቀዳዳው ፎቶ ከጎኑ ባትሪ ድንጋይ ወይም መለኪያ ተቀምጦ ይነሳ፤ ያለ መለኪያ የተነሳ ፎቶ በሚቀጥለው ዓመት ቀዳዳው መስፋት አለመስፋቱን አይናገርም።

ከእያንዳንዱ ጎርፍ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ቀያሾች ወጥተው የጭቃውን መስመር ይለኩ፤ ሰው ግድግዳውን አጥቦ ከጨረሰ ምልክቱ አይገኝም። የተለካው በካርታው ላይ ይደረብ፤ ካርታው ደረቅ ያለው ቦታ ውሃ ገብቶበት ከተገኘ ስድስት ዓመት ሳይጠበቅ በዚያው ወር ይታረም፣ የግንባታ ፈቃድ ክፍሉም የታረመውን ቅጂ በፊርማ ይረከብ።